የኮምፒውተሩ ዳንቴል

ሲግናል አካባቢ የምንኖረው እኔና እናቴ ብቻ ነን፤ የሒሳብ ሥራዬንም የምሠራው መኝታ ቤቴ ሆኜ ነው። ሰሞኑን ታዲያ ኮምፒውተሬ ሲሠራ ቆይቶ በድንገት ድርግም የማለት አመል አመጣ። መብራት ሄዶ ነው እንዳልል አምፖሉ በርቷል። ሶኬት ቀየርኩ፣ የቫይረስ ማጥፊያ ጫንኩ፣ ያው ነው። በጠፋ ቁጥር ተናድጄ እወጣና ሳሎን እናቴ አጠገብ እቀመጣለሁ። "ጠፋብህ ደግሞ?" ትለኛለች። ስለ ሾላ ገበያ ሽንኩርት፣ ስለ ጎረቤታችን ልጅ ሠርግ ስታወራኝ እቆይና ተመልሼ ስከፍተው ይሠራል።

አንድ ቀን ገመዱን ልነካካ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ እጄን ወደ ኮምፒውተሩ ጀርባ ብሰድ ሣጥኑ እሳት ሆኗል። ለካስ እናቴ ቴሌቪዥኑን እንደምታለብሰው እሱንም ወፍራም ገበር ያለው ዳንቴል ሠርታ አልብሳዋለች፤ ሙቀት የሚወጣበት ቀዳዳ ሁሉ ተደፍኗል።

"እማዬ፣ ታፍኖ እኮ ነው የሚጠፋው" አልኳት።

"አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነበር" አለችና ዳንቴሉን አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ አንዴም አልጠፋም። ትናንት ከሰዓት ሥራ ላይ እያለሁ በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች።

"ዛሬም አልጠፋም እንዴ?"

"አልጠፋም" አልኳት፣ ደስ የሚላት መስሎኝ።

"ይሁን እንግዲህ፣ ሥራህን ሥራ" ብላ በሩን መለሰችው።

የጀመርኩትን ሒሳብ ቋጨሁ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ራሴ አጠፋሁና ወደ ሳሎን ወጣሁ።

"ጠፋብህ?" አለችኝ፣ አጠገቧ ቦታ እየለቀቀችልኝ።

"ጠፋ" አልኳት።