ወንድሙን ሊያነሣ የቆመው ጋላቢ

ከሰሊጥ አረም ስንመለስ መተማ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተሰብስበን ቀናት የሚፈጀውን የብስክሌት ውድድር እናያለን። ቴሌቪዥኑ የሚያወራው በዐረብኛ ስለሆነ፣ ከካርቱም ጦርነት ሸሽተው የመጡት ጋሽ ኡስማን ይተረጉሙልናል። አንድ ቀን ከፊት ይመራ የነበረው ጋላቢ ቁልቁለቱ ላይ ድንገት ቆመ። ለካ ወንድሙ ከኋላው ወድቆ ኖሯል። ሊያነሣው ሲመለስ ሌሎቹ ጥለውት እብስ አሉ። እኔም ተናድጄ፣ “ምን ዓይነት ጅል ነው! ሐኪም አለ አይደል? ምን ያስቆመዋል?” ብዬ ጮህሁ።

ጋሽ ኡስማን መተርጎማቸውን ተዉ። “የቴሌቪዥኑ ሰውዬ ምን አለ ጋሼ?” አልኋቸው።

“እሱማ እንዳንተው ነው፤ መቆም አልነበረበትም ይላል” አሉኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አነሡ። “እኔ አልቆምሁም ልጄ። ስንሸሽ ወንድሜ በጥይት ተመታ። ‘ልጆቹን ይዘህ ሂድ’ አለኝ፤ ሄድሁ። ዞሬም አላየሁት።”

 ባፌ አፈርሁ፤ “የወንድምዎ ስም ማን ነበር?” አልሁ።

ፊታቸውን በጥምጣማቸው ጠረጉ። “በሺር” አሉ። “ድንበሩን ከተሻገርሁ ወዲህ ስሙን ስጠራው ዛሬ ገና ነው።”