ሟሟ ወይስ ዘቀጠ?

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ ጎረቤቶች፣ የፋብሪካችን ልጆች፤ ሟቹን ወንድሜን ብላችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እኔ ቦይለር ክፍል እሳት የማቀጣጥለው ነኝ። ቆሜ የማወራው እሱ ገፍትሮ ስላወጣኝ ነው። ረጋ ብለህ ተናገር ብላችሁኛል። አልችልም።

የውሃ ኬሚስታችን ረጋ ያለ ሰው ነበር ልበል? ቱግ ባይ ነበር። ጠዋት ሰላም ሳይለን ብልቃጡን ወደ መስኮቱ አንስቶ "ሟሟ ወይስ ዘቀጠ?" ይላል። ስሙም ሟሟ ሆኖ ቀረ። ያን ባለ ከረባት የቦይለር ውሃ መድኃኒት ሻጭ ታስታውሳላችሁ? "ፎስፎኔት የሚባለው መድኃኒቴ በየትኛውም ውሃ ይሟሟል" ያለውን? ሟሟ የኛን የጉድጓድ ውሃ ጨመረበት። ወተት መሰለ። ብልቃጡን ከሰውየው ጆሮ አጠገብ ግድግዳው ላይ ከሰከሰው። ነጩ በከረባቱ ሲወርድ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

ዛሬ ማን ይስቃል? ሟች መድኃኒቱን ወደ ውሃው የሚጨምረውን ፓምፕ ስለሰበረ ነው ቦይለሩ የፈነዳው እየተባለ ነው። ሚስቱ ፊት ተባለ። አዎ፣ ሰብሯል። በመዶሻ አደቀቀው። ለምን? ውሃው ካልሲየም በዝቶበት ሳለ መድኃኒቱን እጥፍ አድርጉት ስለተባለ ነዋ። "በልኩ ሲሆን ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል፤ ሲበዛ ከካልሲየሙ ጋር ጨው ሆኖ ይዘቅጣል" ብሎ ጮኸ። ማን ሰማው? በጥበቃ አስወጥተው አዲስ ፓምፕ ገጠሙ። እጥፉንም ለቀቁት።

ቱቦው ታነቀ። ብረቱ ጋለ። እሱ የቱቦውን ጩኸት ከግቢው በር ሰምቶ እየሮጠ ገባ። አንገቴን ይዞ ወደ ውጭ ወረወረኝ። ከዚያ ግድግዳው ተነሥቶ ሄደ። እንፋሎቱ ምን እንዳደረገው እናቱ ስላሉ አልናገርም።

ከተቀደደው ቱቦ የፋቅኩት ነጭ ድንጋይ ይኸው፣ እጄ ላይ ነው። አስመርምረነዋል፤ ያው መድኃኒቱ ነው። ሥራ አስኪያጅ፣ እዚያ ኋላ የቆሙት፣ ይምጡና ይንኩት። ነገ ሁለተኛውን ቦይለር በዚያው እጥፍ አቀጣጥል ብለውኛል። ክብሪት አልጭርም። ሌላ ሰው ልታስገቡ ብትሞክሩ በሩ ላይ እኔን ታገኛላችሁ። ልጆች፣ ብቻዬን ነኝ እንዴ?

ወንድሜ፣ በል ደህና ሁን። እኔን አውጥተህ አንተ ቀረህ። ነገ ጠዋት "ሟሟ ወይስ ዘቀጠ?" ብሎ የሚጠይቀኝ የለም፣ ስለዚህ ዛሬ ልመልስልህ። ሐዘንህ አልሟሟም። እንደዚህ ድንጋይ ዘቅጧል።