ጋሽ አስረስ ያልሠሩት ስህተት

እንደምን ዋላችሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ንግግር በታይፕ ስመታ ኖሬ፣ በራሴ አፍ ቆሜ ስናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ከተምታታብኝ ታገሡኝ። መምታታቱ ደግሞ አይቀርም፤ የማወራው ዛሬ ስለምንሸኛቸው ስለ ጋሽ አስረስ ነውና።

ጋሽ አስረስ እዚህ ትምህርት ቤት የገቡት በ1974 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። እኔ ያኔ ተላላኪ ነበርኩ። በዚያ በመካኒሳ ጭቃ መጥተው፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በብብታቸው ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። በዚያው ሳምንት የመምህራን ሽንት ቤት ተደፍኖ ቧንቧ ሠራተኛ እየጠበቅን ነበር። "እንኳን መጡልን፣ በዚህ በኩል ነው" ብዬ ቀጥ አድርጌ ወሰድኳቸው። ኮታቸውን አውልቀው አስያዙኝና ገቡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ውሃው ሲወርድ ተሰማ። እጃቸውን ታጥበው ወጡና፣ "አሁን ደግሞ የፊዚክስ ክፍሉን ብታሳዪኝ፤ የተመደብኩት ለዚያ ነበር" አሉኝ። የተጠቀለለው ነገር ለካ የቤተ ሙከራ የብርጭቆ ቱቦ ነው!

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?" ብላቸው፣ "አንቺ ምን ይመስልሻል?" አሉኝ።

ሳቁ፣ ሳቁ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይህን መልስ ያልቀመሰ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ? የለም። እኔ ራሴ ከእሳቸው ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ከጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ግማሹ አሁንም በእጄ ላይ ነው።

የሻይ ክበቧ ጫልቱ ደግሞ ምስክሬ ናት። ጋሽ አስረስ ሻይ ሲቀርብላቸው ከመጠጣታቸው በፊት ከደረት ኪሳቸው ቴርሞሜትር አውጥተው ይነክራሉ። አንድ ቀን ጫልቱ ትዕግሥቷ አለቀና፣ "ጋሼ፣ ሻዬን አመመው እንዴ? ሐኪም ቤት እንውሰደው?" አለቻቸው። እሳቸው ፈገግ እንኳ ሳይሉ፣ "ትኩሳቱስ ደህና ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ስኳሩ ነው" አሉ። ጫልቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስኳሩን ለብቻው ነው የምታቀርብላቸው።

እንግዲህ ወደ ኢንተርኔቱ ልምጣ። ባለፈው ዓመት ለትምህርት ቤታችን አንድ ኮምፒውተር በስጦታ መጣ። ጋሽ አስረስ የሳይንስ ክበብ ልጆችን ሰበሰቡና፣ "እስከ ዛሬ የሰው መጽሐፍ አነበባችሁ፤ አሁን ደግሞ እናንተ በእጃችሁ የለካችሁትን ጻፉና ዓለም ያንብብ" አሏቸው። አሠራሩ እንዲህ ነበር። ልጆቹ ሙከራቸውን በእንግሊዝኛ በደብተር ወረቀት ይጽፋሉ። እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እመታዋለሁ፤ ዲስኬት ላይ ይገባል። ጋሽ አስረስ ዲስኬቱን በመሐረብ ጠቅልለው በታክሲ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ ይሄዳሉ። አንድ የቀድሞ ተማሪያቸው እዚያ በሚሠራበት መሥሪያ ቤት ኢንተርኔት የገባበት ስልክ አለው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቅም።

"ጋሽ አስረስ፣ ጽሑፉ ከሄደ ዲስኬቱ ለምን ባዶ ሆኖ አልተመለሰም?" እላቸዋለሁ።

"ሄዷል፤ እዚህም አለ።"

"በሁለት ቦታ?"

"በፈለጉት ሰዎች ሁሉ ዘንድ።"

"ካልፈለጉትስ የት ነው የሚቀመጠው?"

መልሳቸውን ታውቁታላችሁ።

ግራ የተጋባሁት ግን እኔ ብቻ አይደለሁም። አቶ ወጋየሁ፣ የእኛ ዳይሬክተር፣ አይቆጡኝ። "ማህተም ያላረፈበት ጽሑፍ ከዚህ ግቢ አይወጣም" አሉና ዲስኬቱ ላይ የተለጠፈችው ወረቀት ላይ ማህተም ተመታ። ቀሪ ቅጂው ታትሞ ይቀመጥ ተባለ። ዛሬም መዝገብ ቤት ብትገቡ "ወደ ዓለም የተላከ" የሚል ፋይል ታገኛላችሁ። ከ"ወደ ትምህርት ቢሮ የተላከ" ቀጥሎ ነው ያለው።

አሁን የምናገረው ግን አያስቅም። ለዚህ ነው ዛሬ ልናገር ያልኩት።

ከክበቡ ልጆች አንዷ ዙሌካ ነበረች፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። እዚያ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠችው ናት፤ እኔ ነኝ የጠራኋት። ዙሌካ ውሃ ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚፈላ ለካች። ሦስቴ ለካች፤ ሦስቴም ዘጠና ሁለት ዲግሪ... ምን አልሽ? ጮክ በይ። ሦስተኛው ዘጠና ሦስት ነው? እሺ። ሁለቴ ዘጠና ሁለት፣ አንዴ ዘጠና ሦስት። ጓደኞቿ "የዙሌካ ውሃ ችኩል ነው" እያሉ ይስቁባት ነበር። እሷ ግን ያየችውን ጻፈች።

ወረቀቷ እኔ እጅ ገባ። እንደምታውቁት እኔ ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። የማውቀው ሁሉ ከማባዣው ሥር ከማነሣው ከተበላሸ የፈተና ወረቀት የለቀምኩት ነው። ከዚያ ከለቀምኩት ውስጥ በእርግጠኝነት የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ውሃ በመቶ ዲግሪ እንደሚፈላ ነው። በየዓመቱ ይጠየቃል፤ በየዓመቱ እመታዋለሁ። ስለዚህ ለልጅቷ አዘንኩላት። ዓለም ሊያነበው ነው፤ ማህተማችንም አለበት። ዘጠና ሁለቱን አጠፋሁና መቶ ብዬ ጻፍኩ። ከውርደት ያዳንኳት መስሎኝ ነበር። በዚያ ሳምንት ፈተና እየታረመ ነው፤ ጋሽ አስረስ ስላመኑኝ እንደገና ሳያዩት ይዘውት ሄዱ።

ከሁለት ወር በኋላ ጋሽ አስረስ አንድ የታተመ ወረቀት ይዘው ከሜክሲኮ ተመለሱ። ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ተራራ ላይ ካለች ከተማ፣ እንደኛዎቹ ያሉ ተማሪዎች የጻፉት ነው። "የእናንተም ከተማ እንደኛ ከፍታ ላይ ናት። የእኛ ውሃ ዘጠና አንድ ላይ ይፈላል። የእናንተ እንዴት መቶ ሆነ? ለካችሁት ወይስ ከመጽሐፍ ገለበጣችሁት?" ይላል። ለካ ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ነው፤ ውሃውን የሚጫነው ስለሚቀንስ ቀድሞ ይፈላል። ይኸው ተነግሮኝም አልገባኝም። ውሃችን ቶሎ ከፈላ ባቄላችን ለምን ይዘገያል? ይሁን፣ ይቆየኝ።

ወረቀቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ በክበቡ ልጆች ፊት ተነበበ። ዙሌካ ብድግ አለች። "እኔ ዘጠና ሁለት ነው ያልኩት! ማነው የቀየረው?" እኔ በሩ ላይ ወረቀት ታቅፌ ቆሜያለሁ። ጋሽ አስረስ ቀና ብለው አዩኝ። አወቁ። እኔ አቀረቀርኩ። በዚያን ጊዜ፣ "መጨረሻ ላይ ጽሑፉን የላክሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው" አሉ።

"ቲቸር፣ ሦስቴ ለክቼ አሳይቼዎታለሁ" አለች ዙሌካ። "አላመኑኝም ማለት ነው።" ደብተሯን ይዛ ወጣች። ወደ ክበቡም አልተመለሰችም። እሳቸው በሳምንቱ ቁጥሩን አስተካክለው፣ ከሥሩ "ስህተቱ የመምህሩ ነው፤ ተማሪዋ ልክ ነበረች" ብለው አስጻፉኝ። በገዛ ጣቴ መታሁት። ዙሌካ ግን ያንን የት ታየዋለች? እኛ የላክነውን ሜክሲኮ ያለው ስልክ ያየዋል፣ ባሕር ማዶ ያሉት ያዩታል፤ እዚህ መካኒሳ ያለችው ልጅ አታየውም። ይህን ነገር እስካሁን ልረዳው አልቻልኩም።

ብቻችንን ስንሆን፣ "ለምን ዝም አሉልኝ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ያን ቀን ብቻ እንደ ልማዳቸው አልመለሱልኝም። "አንቺ የሰዉን ጽሑፍ ሁሉ የምትመቺ ሰው ነሽ" አሉኝ። "እጅሽን ከፈራሽው ሥራ ትፈቺያለሽ። እኔ መምህር ነኝ፤ ሲሳሳቱ መታየት የእኔ ሥራ ነው።" ገብቶኛል ማለት አልችልም። ግን ሰባት ወር ሙሉ ዙሌካ ግቢ ውስጥ ስታልፍ አንገቷን ደፍታ "ደህና ዋሉ" ብላቸው ስትሄድ አይቻለሁ፤ እሳቸውም ቆመው በዓይናቸው ሲሸኟት አይቻለሁ። ነገ ይህንን ግቢ ለቀው ይወጣሉ። እዳዬን ተሸክመው እንዲወጡ አልፈልግም።

ዙሌካ፣ ስሚኝ ልጄ። ቁጥርሽን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ አስረስ አንድም ቀን አልተጠራጠሩሽም። ወረቀትሽን ሲሰጡኝ እንዲያውም፣ "ይቺ ልጅ ዓይኗን አምናለች፤ በጥንቃቄ ምቺው" ነበር ያሉኝ። በጥንቃቄ መታሁትና ይኸው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ጋሽ አስረስ፣ እርስዎንም ይቅርታ። ሳላስፈቅድዎ ተናገርኩ። ደግ ይሁን ክፉ የሠራሁት አላውቅም። አቶ ወጋየሁ፣ ነገ ጠዋት አንድ ዲስኬት ማህተም ፍለጋ ወደ ቢሮዎ ይመጣል። ላዩ ላይ "ስህተቱ የታይፒስቷ ነው" ይላል። እባክዎ ይምቱልኝ።

አሁን ሁላችሁም ተነሡ፤ ቢራም ይሁን ሚሪንዳ በእጃችሁ ያለውን ከፍ አድርጉ። ጋሽ አስረስ፣ ለተደፈነው ሁሉ መውረጃ ስላበጁልን፣ ልጆቻችንን የራሳቸውን ነገር እንዲጽፉ ስላደፋፈሩልን፣ እኔንም ስለሸፈኑኝ እናመሰግናለን። ዕድሜ ይስጥዎ፤ ጉልበትዎ አይክዳዎት፤ ደጅዎ ከጠያቂ አይራቅ። ለጋሽ አስረስ!

ዙሌካ፣ አንቺ እዚያ በር ላይ አትቁሚ። ከእሳቸው ጎን ያለው ወንበር የእኔ ነበር። ተነሥቼልሻለሁ፤ ነይ ተቀመጪ።