የአቶ ወንድይፍራው ኪሎ

ጠዋት፣ በአንድ ጤና ጣቢያ የሚዛን ክፍል፤ ሰው እየመዘኑ መዝገብ የሚጽፉት እትዬ አለሚቱ፣ አሁን ከሚዛኑ የወረደውን የዕድር ሊቀ መንበር አቶ ወንድይፍራውን ያነጋግራሉ።

እትዬ አለሚቱ፦ በል መጀመሪያ ቁጭ በልና ስማኝ። ሚዛኑ መቶ አራት ኪሎ ሲል ያየሁትን ዘጠና አራት ብዬ አልጽፍም።

አቶ ወንድይፍራው፦ ለአሥር ኪሎ ነው እንዲህ የሚጨክኑብኝ? ሐኪሙ የክብደትና የቁመት ስሌትህ ከሠላሳ አምስት ካልወረደ ጉልበትህን ኦፕራሲዮን አላደርግም ብሎኛል። ደረጃ መውጣት አቅቶኛል፣ እትዬ።

እትዬ አለሚቱ፦ ስሌቱንስ ታውቀዋለህ?

አቶ ወንድይፍራው፦ ቤቴ ቁጭ ብዬ በካልኩሌተር ሠራሁት። ኪሎዬን ለቁመቴ አካፈልኩ፣ የወጣውን ደግሞ እንደገና ለቁመቴ። ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ ሦስት ስምንት።

እትዬ አለሚቱ፦ እሱማ ለትንኝም ያንሳል። ቁመትህን ስንት አልከው?

አቶ ወንድይፍራው፦ መቶ ስልሳ አምስት።

እትዬ አለሚቱ፦ እሱ ሳንቲሜትር ነው። በሜትር አንድ ነጥብ ስልሳ አምስት በለው። ያንን በራሱ ስታባዛው ሁለት ነጥብ ሰባ ሁለት። መቶ አራትን ለሱ ስታካፍል ሠላሳ ስምንት።

አቶ ወንድይፍራው፦ የኔው ይሻል ነበር።

እትዬ አለሚቱ፦ ጉልበትህ ግን የሚሸከመው የኔን ነው።

አቶ ወንድይፍራው፦ እኔ እኮ የወፈርኩት በኃላፊነቴ ነው። በዚህ ወር ብቻ ስድስት ለቅሶ ቤት ገባሁ። ሊቀ መንበሩ ሳይቀምስ ከወጣ ሐዘንተኛው ይቀየማል።

እትዬ አለሚቱ፦ ሌላው በሐዘን ይከሳል፤ አንተ በሰው ሐዘን ወፈርክ።

አቶ ወንድይፍራው፦ ይቀልዱብኝ። ብቻ ዘጠና አራት ይበሉልኝ።

እትዬ አለሚቱ፦ ማደንዘዣውን የሚለኩልህ እኔ በጻፍኩት ኪሎ ቢሆንስ? አሥር ኪሎ ደብቄልህ፣ ቢላዋው ጉልበትህ ላይ እንዳለ ብትነቃ?

አቶ ወንድይፍራው፦ እንግዲያው... መቶ አራቱን ይጻፉት። እቀንሳለሁ። ግን ነገ የነወይዘሮ ጥሩዬ ሣልስት ነው። ሰዎቹ ብላ ሲሉኝ ምን ልበል?

እትዬ አለሚቱ፦ ባሌ የሞተ ጊዜ እኔም ቤት መጥተህ ነበር፤ ትዝ ይልሃል?

አቶ ወንድይፍራው፦ እንዴት እረሳለሁ። ያ ምስር ወጥ ግሩም ነበር።

እትዬ አለሚቱ፦ አዎ፣ ሦስት ጊዜ አስጨመርክ። እኔ አጠገብ ግን አንዴም አልተቀመጥክም። ነገ ሳህኑ ሲመጣ ይቺን አስብልኝ፣ ልጄ።