ለሚዛን ያስራብኩት ልጅ

ቦሌ ሚካኤል ፎቅ ሲሠራ አሸዋ በምሸከምበት ጊዜ ነው። ጤና ጣቢያው አቅም ለሌላቸው አጥቢ እናቶች አልሚ ዱቄት ይሰጣል ተባለ። ጎረቤቴ ግን «ይሄ ድንቡሼ ልጅሽ ሚዛን ላይ ከወጣ ባዶ እጅሽን ነው የምትመለሺው» አለችኝ። እኔ ብልጧ፣ ቀለል ይበል ብዬ ጠዋት ጡት ከለከልኩት። ወረፋው ላይ ጩኸቱን ሲያቀልጠው የኔም የሌሎቹም እናቶች ወተት ወረደ፤ ሁላችንም ደረታችን ርሶ እየተያየን በሳቅ ፈረስን።

ነርሷ ብቅ ብላ «ምን ሆኖ ነው?» ስትል እውነቱን ዘረገፍኩት። ከት ብላ ስቃ መለኪያ ጥብጣቡን የኔው ክንድ ላይ ጠመጠመችው። «ዱቄቱ ላንቺ ነው የኔ እናት፤ የሚለካውም ያንቺ ክንድ ነው። ቀጥነሻል፣ ይሰጥሻል። አሁን ልጁን አጥቢው» አለችኝ። ልጄ ግን ቂም ይዞ ኖሯል፤ ጡቴን ሳጎርሰው ባለችው አንድ ጥርስ ነከሰኝ።