«አይዘር» ካለ «ኦር» ይከተላል

ካፖርቴን ላሳጥብ ወደ አንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ጎራ ብል፣ የክፍሉ ኃላፊና የወንድማቸው ልጅ ሲከራከሩ ደረስኩ። ሽማግሌው ኃላፊ ጎረቤቴ ናቸው፤ ልጅቷ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ሠራተኞቹ ከየአገሩ የመጡ ስለሆኑ መመሪያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚጽፉትም እሳቸው ናቸው። ያን ዕለት የለጠፉት ቀለሙ እንኳ አልደረቀም፦ «ዩዝ አይዘር ብሊች ኤንድ አሲድ» ይላል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና አጎቴ፣» አለች መምህርቷ፣ «‹አይዘር› ካሉ ጓደኛው ‹ኦር› ነው፤ ከሁለቱ አንዱን ማለት ነው። ‹ኤንድ› ግን ‹እና› ነው፤ በረኪናውንም አሲዱንም ጨምሩ ያሰኛል።»

«እኔ ይህን ቋንቋ ስጽፍ አንቺ አልተወለድሽም። ሐሳቡ ከገባ ምን ጎደለ?»

«ለእርስዎማ ገብቶዎታል። ለማያውቀውስ? ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጭስ ሰው ይገድላል እኮ!»

«የትኛው ሞኝ ነው የሚቀላቅላቸው?»

«የታዘዘ ሰው።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉና ወደ ሥራቸው ዞሩ። ዕድሜ ብቻውን እውቀት የሚመስላቸው ሰዎች ክርክር የሚያሸንፉት እንዲህ ነው።

ብዙም ሳይቆይ አዲስ የተቀጠረች አጣቢ፣ የልጆች እናት፣ መመሪያውን በጣቷ እየተከተለች አነበበች። «አይዘር»ን አታውቀውም፤ «ኤንድ»ን ግን ታውቃለች። ሁለቱን አንድ ባልዲ ውስጥ ገለበጠች። ተሸክመው ሲያወጧት ትንፋሿ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጭ ነበር። ነፍሷ ተረፈች፤ ሳንባዋ ግን ዳግም አልዳነላትም። ሆቴሉም «መመሪያ ማንበብ የማትችል» ብሎ አሰናበታት።

ሽማግሌው እኔን አስከትለው ወደ መምህርቷ ቤት ሄዱ።

«አስተምሪኝ» አሏት።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነበር፣ አጎቴ።» ወንበር ሰጠቻቸው እንጂ አላጽናናቻቸውም። «‹አይዘር› ከመጀመሪያው አማራጭ ፊት፣ ‹ኦር› ከሁለተኛው ፊት ይቁሙ። ከአንዱ ቀጥሎ ስም ካለ ከሌላውም ቀጥሎ ስም፤ ግስ ካለም ግስ።»

«ሁለቱንም ስከለክልስ?»

«‹ናይዘር›ን ከ‹ኖር› ጋር።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«ይህችን ለምታህል ነገር!» ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

በማግስቱ መመሪያውን አስተካክለው ጻፉ፤ ከሥሩም «ሁለቱን አንድ ላይ በፍጹም» የሚል ጨመሩ። ከዚያ ወዲህ መምህርቷን ሳያስነብቡ የሚለጥፉት የለም። ሠራተኛው ሳይጠራጠር ይሠራል፤ በዚያ ክፍል ሌላ ሰው አልተጎዳም። የጥንቃቄ ትርፉ ይህ ነው። ጥፋቱ የእሳቸው መሆኑን ለሥራ አስኪያጁ ቢናገሩም ግን «ያለቀ ነገር ነው» ተባሉ።

አጣቢዋን ሊጠይቁ ሄደው አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እኅቴ። አሁን አስተካክዬዋለሁ፤ ከእንግዲህ በማንም አይደርስም» አሏት።

ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች።

«ጥሩ ነው፤» አለች፣ «ለሚመጡት ይጠቅማል።»

ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች።