ፓሪስ ላይ የቀረ ቀብር

ከኤርፖርት ወደ ዳውንታውን በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡት ጥቁር የለበሱ እናትና የዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን፣ የሥራ ልብስ የለበሰ አንድ ሰው ናቸው።

«ከአገር ቤት መመለስዎ ነው፣ እትዬ?»

«አዎ ልጄ። ወንድሜን ልቀብር ሄጄ ቀብሩ ላይ ሳልደርስ ቀረሁ።»

«ነፍስ ይማር። ምነው?»

«ፓሪስ ላይ፣ ከመሬት ሆነው አውሮፕላን የሚመሩት ሠራተኞች አድማ መቱ። ፍላይቱን ካንስል አደረጉት። እኔ እዚያ ኤርፖርት ወለል ላይ ሳለቅስ እሱን አፈር አለበሱት!»

«ወደው አይመስለኝም። መንግሥት ሥራውን ለኩባንያ ሊሸጠው ነው ብለው ነው አሉ።»

«ይሽጠዋ! የኔ ወንድም ምን አደረጋቸው?»

«ምንም። ግን እኛ ዌርሃውሱ ሲሸጥ ዝም አልን። ግማሹን ሰው አባረው የሁሉንም ሥራ በኛ ላይ ጫኑት። እኔ ሲደክመኝ ካርቶን ነው የሚወድቀው፤ እነሱ ሲደክማቸው ግን አውሮፕላን ከአውሮፕላን ይጋጫል።»

«ታዲያ እኔ ማንን ልርገም?»

«ሻጮቹን ይርገሙ፣ እትዬ።»

«የት አግኝቼ! እነሱ ኤርፖርት ወለል ላይ አብረውኝ አላደሩ!»



እኔም ከኋላቸው ጎንበስ ብዬ «እግዜር ያጥናዎት» አልኳቸው።